የመስቀል ሳምንት በኡድ ሜታ

መስከረም 13 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ከሰላህ አልዲን ጣቢያ በአረንጓዴው መስመር ተሳፈርን። ከአልራስ በኋላ ባቡሩ በዱባይ ክሪክ ሥር ያልፋል። ልጄ ማሙሽ እዚያ ሲደርስ ውኃው ከአናታችን በላይ መሆኑን ለአንድ ሰው ካልነገረ አይሆንለትም። ዛሬ ተራው የአንድ ፓኪስታናዊ ሽማግሌ ነበር። ሰውየው በኡርዱ መለሱለት፤ ተግባቡ።

ኡድ ሜታ ስንወርድ ገና በጠዋቱ ሙቀቱ ፊት ይገርፋል። ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያንና የማሙሽ ትምህርት ቤት ጎረቤታሞች ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑን መሬት የሰጡት የዱባዩ ገዢ ሼክ ራሺድ ቢን ሰዒድ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያኑ እ.ኤ.አ. በ1967፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ በዓመቱ ተከፈተ። ልጆቹ ሰልፍ ላይ መጀመሪያ የኤምሬትስን ብሔራዊ መዝሙር ይዘምራሉ፣ ቀጥሎ ጸሎት ይደርሳል። ዛሬ የፓድሬ ፒዮ ቀን ነው፤ እሳቸውም እንደ ደብሩ ቄሶች የካፑቺን ማኅበር መነኩሴ ነበሩ። ባለቤቴ ካቶሊክ ስለሆነ ቡኒውን ቀሚስ ባየ ቁጥር ጉራው ይነሣል፦ «እኛ እኮ ከዱባይ በፊት ነው የምናውቃቸው!» እውነቱን ነው። ካፑቺኑ ጉግሊዬልሞ ማሳያ ወደ ኦሮሞ አገር የተሾሙት እ.ኤ.አ. በ1846 ነው፤ ያኔ ዱባይ ዕንቁ ጠላቂዎች የሚኖሩባት ትንሽ ወደብ ነበረች።

ማታ ማሙሽ በሃይማኖት ክፍለ ጊዜ የተማረውን ማማተብ ለአያቱ በቪዲዮ አሳያት። እኔ ኦርቶዶክስ፣ አባቱ ካቶሊክ፤ እናቴ ልጁ ወዴት እንደሚያጋድል ሁሌ ሥጋቷ ነው። «እስቲ ድገመው» አለችው። ደገመው። «ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ያው የእኛው ነው» ብላ ወደ ሌላ ወሬ አለፈች።

መስከረም 14፣ ማክሰኞ

ዛሬ ክፍሉ ለሁለት የሚከፈልበት ቀን ነው። በአገሩ ደንብ ሙስሊም ልጅ በግል ትምህርት ቤትም ቢሆን የእስልምና ትምህርት መማር አለበት፤ ካቶሊክ ትምህርት ቤትም ከዚህ ነፃ አይደለም። አረብኛ ደግሞ ለሁሉም ነው። ስለዚህ ከፊሎቹ ደብተራቸውን ይዘው ወደ አንዱ ክፍል ይሄዳሉ፣ የእኛዎቹ ስለ ኢየሱስ ሊማሩ ይቀራሉ፣ ከዚያ ሁሉም ተመልሰው ያንኑ የቀለም እርሳስ ይሻማሉ። ለእኔ ነገሩ ይገርመኛል። ለእነሱ እንደ ስፖርት ክፍለ ጊዜ ነው።

የማሙሽ የልብ ጓደኛ ሱዳናዊ ነው። ዛሬ ከክፍሉ ሲመለስ ምን እንደነገረው እንጃ፣ ማሙሽ በሩ ላይ ገና ሳያየኝ ጀመረ፦

«እማ፣ ማርያም የእነሱም ናት እንዴ?»

«የእነሱም ናት» አልኩት። ቁርኣን ውስጥ በስሟ የተጠራች ሴት እሷ ብቻ ናት፤ 19ኛው ሱራም በእሷ ስም ይጠራል። ይህን ብዬ ማቆም ይቻል ነበር። ባቡሩ እስኪመጣ ግን የሐበሻውን ንጉሥ የነጃሺን ታሪክ ጀመርኩለት። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ነቢዩ መሐመድ መካ ውስጥ የተሳደዱ ተከታዮቻቸውን ወደ ሐበሻ ላኩ። አሳዳጆቹም ስጦታ ይዘው ተከተሏቸው፤ «ስደተኞቹን መልስልን» ሲሉም ንጉሡን ለመኑ። ንጉሡ ግን መጀመሪያ ስደተኞቹ ይናገሩ አለ። ጃዕፈር የሚባለው ተነሥቶ ከዚያው ከማርያም ምዕራፍ አነበበ። ንጉሡና ጳጳሳቱ አለቀሱ፣ ስደተኞቹም በሰላም ተቀመጡ። በእስልምና ታሪክ የሚነገረው እንዲህ ነው።

ለስድስት ዓመት ልጅ ይከብዳል ብዬ ፈርቼ ነበር። የከበደው ሌላ ነገር ነው።

«በአውሮፕላን ነው የመጡት?»

«በጀልባ።»

«በስንት ደቂቃ?»

መስከረም 15፣ ረቡዕ

ልወስደው ስደርስ አስተማሪዋ እየሳቀች ጠራችኝ። የጎዋ ሴት ናት፣ ሳቋ ቀድሞ ይሰማል። ማሙሽ ታሪኩን ጠዋቱን ለጓደኛው አድርሶለታል፣ ግን «ንጉሡ የእኛ ነው» ብሎ ነው የጀመረው። ሱዳናዊው «በኋላ ሙስሊም ሆኗል፣ ስለዚህ የእኛ ነው» አለ። ማሙሽ «ሐበሻ ነው!» አለ። አንዲት ፊሊፒናዊት ልጅ ደግሞ ከጎን «ንጉሥ ኢየሱስ ብቻ ነው» ብላ ነገሩን አከረረችው።

አስተማሪዋ ውኃ ጠጡ ብላ አስነሣቻቸው፣ ከዚያ ንጉሡን ሳሉ አለቻቸው። የማሙሽን ሥዕል አሳየችኝ። ንጉሡ ዘውድ ጭኗል፣ ከኋላው ቡርጅ ኸሊፋ ቆሟል። የሱዳናዊው ንጉሥ ፂም አለው። የልጅቷ ሥዕል ላይ ሁለቱ ልጆች አፋቸውን ከፍተው ይጮኻሉ፤ ከሦስቱ እውነታውን የያዘው እሱ ይመስለኛል። የንጉሡን መስለም የሙስሊሙ ትውፊት ይናገራል፣ የክርስቲያኑ ወገን አይቀበልም፤ ትልልቆቹም ብንሆን ክርክሩን ከዚህ ብዙ አላራቅነውም።

መስከረም 16፣ ሐሙስ

የስፔሊንግ ፈተና፤ «ፍሬንድ» የሚለውን ሳተ። የሳምንቱ ርእስ «ቤተሰቤ» ስለሆነ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ ዕቃ አምጥቶ ያስረዳል። እኔ ትንሿን ጀበና በፎጣ ጠቅልዬ አዘጋጅቼ ነበር። ማሙሽ ኖል የሚባለውን የባቡር ካርዱን ይዞ ሄደ። አምስት ዓመት ከሞላው በኋላ በነፃ መሳፈር ቀርቶ የራሱ ካርድ ወጥቶለታል፣ በቤቱ ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ንብረት የለም። ጭብጨባው እንደ ጉድ ነበር አለኝ። ጀበናው ቢሄድ ይሰበር ነበር ብዬ ተጽናናሁ።

ማታ እናቴ ከመስቀል አደባባይ የደመራውን ቪዲዮ ላከች። ዴራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ችቦ የሚታሰብ አይደለም፤ ዕጣን ሳጨስ እንኳ ጭስ ጠቋሚው ይጮኻል። ድፎ ዳቦው ግን ደረሰ።

መስከረም 17፣ ዓርብ፣ መስቀል

ዓርብ ግማሽ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የሳምንቱ ዕረፍት ወደ ቅዳሜና እሑድ ከመዛወሩ በፊት ዓርብ ሙሉ ዕረፍት፣ እሑድ ደግሞ የሥራና የትምህርት ቀን ነበር። ክርስቲያኑ በአብዛኛው ዓርብ ዓርብ ነበር የሚያስቀድሰው። አሁን ልጆቹ ከጁምዓ ሶላት በፊት ወደ ቤታቸው ይለቀቃሉ። ለአስተማሪዋ ዳቦ ወስጄላት «መስቀል ነው» ስላት ግራ ገባት፤ እነሱ መስቀልን ያከበሩት በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 14 ነው። ዳቦውን ግን አልመለሰችም።

ከሰዓት የሱዳናዊው ልጅ እናት በዋትስአፕ ጻፈችልኝ፦ «ልጄ የነጃሺ መቃብር እናንተ አገር ነው ወይ ይላል። እውነት ነው?»

«ትግራይ ውስጥ ነጋሽ በምትባል ከተማ እንደሆነ ይታመናል፣ ከውቅሮ አጠገብ» አልኳት።

ቆየት ብላ መለሰች፦ «ይህን አልነግረውም። አያቱ ለሰኞ የሚሆን መልስ እያስጠኑት ነው።»