የእሑድ ዕቅድ

ሳምንቱን ሙሉ የሰው ገንዘብ የሚቆጥሩ ጣቶቼ ዛሬ ማታ ሰዓትና ርቀት ይቆጥራሉ። እሑድ ከአባቴ ጋር ወደ መናገሻ ሱባ ደን እንሄዳለን። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር እንደለማ ይነገርለታል።

ማለዳ 12 ሰዓት መነሳት፤ ውኃ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የዝናብ ልብስ፣ ለአባቴ ጉልበት ከዘራ። ጅረቱን ተከትለን ወጥተን፣ በጥድና በዝግባ ጥላ ዞረን እንመለሳለን። ዙር መንገድ ግን ጭካኔ አለው፤ ግማሹን ካለፉ ወዲያ ወደ ኋላ መመለስ አያሳጥርም። ስለዚህ አጭሩን መረጥሁ።

አባቴ ወረቀቴን አይተው ፈገግ አሉ። «ያኔ በጫንቃዬ ወንዝ ሳሻግርህ መች ጽፌ ነበር?»

ከዘራውን አልሰረዝሁም፤ ከሥሩ ግን «ትከሻዬ» ብዬ ጨመርሁ።