ከአልጋ ሥር ያለ ባቡር

ባቡር እንደምንሠራ የተሰማ ዕለት የክፍል ጓደኞቻችን ሳቁብን። «የታሪክ ተማሪን ከባቡር ጋር ምን አገናኘው?» አሉ። መልሱን በዚህች ገጽ ልሞክር።

ሦስት ነን። እኔ ሰበታ፣ ሁለተኛው ቡራዩ፣ ሦስተኛው ሱሉልታ እንኖራለን። የሦስታችንም ቤት የኪራይ ነው፤ አልጋና ጠረጴዛ ከገቡ በኋላ መቆሚያ አይተርፍም። ትንንሽ ባቡር መሥራት በውጭው ዓለም የታወቀ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው፤ የቤት ጥበት እዚያም ስላለ መላ አበጅተውለታል። አንዱ መላ ማሳነስ ነው። እውነተኛውን ለ160 ሲያካፍሉት 1 ሜትር ከ60 የሆነ ሰው 1 ሳንቲሜትር ይሆናል። ማርክሊን የተባለው የጀርመን ፋብሪካማ እ.ኤ.አ. በ1972 ለ220 የተካፈለ ባቡር አውጥቷል። ሌላው መላ መከፋፈል ነው። እያንዳንዱ ሰው ከአልጋው ሥር የሚገባ አንድ ጣውላ ይሠራል፤ ሲገናኙ ጫፍ ለጫፍ ይገጥሟቸዋል። ሕጉ አንድ ነው፦ መሐሉን እንደ ፈቀድህ አድርገው፣ ጫፉ ግን ከጓደኛህ ጫፍ ጋር ይግጠም።

እኛ 160ን መረጥን። በዚህ ልክ እንኳ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ያለው የጥንቱ መስመር፣ 784 ኪሎ ሜትሩ፣ ወደ 4.9 ኪሎ ሜትር ቢወርድ ነው። እንግዲህ ሥራው መሥራት ብቻ ሳይሆን መተውም ነው። ቦታ የሚፈጀው ጥምዝ ስለሆነ ጥምዙን ተውን፤ ባቡራችን ቀጥ ብሎ ሄዶ ቀጥ ብሎ ይመለሳል። ጣውላው ቡራዩ ከአንድ አናጢ ቤት የተረፈ ነው፤ ሣሩ ቀለም የነከርነው ሰጋቱራ፣ ፉርጎው ካርቶን፣ ሐዲዱ ሽቦ። ሞተር የለውም፤ በጣት ነው የሚገፋው።

የምኖረው ከአያቴ ጋር ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በምድር ባቡር ሐዲድ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አንድ ማታ ለፈተና ሳጠና ስለ አዋሽ ጣቢያ ማውራት ሲጀምሩ፣ «አባባ፣ እሱ እኮ አልፎበታል፤ አሁን አዲሱ አለ» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ማታ ወዲህ ስለ ባቡር አንድ ቃል አልወጣቸውም። እኔ ደግሞ የታሪክ ተማሪ ነኝ!

አዲሱ ያልኩት መነሻው የእኛዋ ሰበታ የሆነው ነው። በ2009 ዓ.ም. መስከረም ተመርቆ በ2010 መደበኛ ሥራ የጀመረ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ። የሰበታ ልጅ ነኝና በጣውላዬ ላይ እሱን ሠራሁ። የሱሉልታው ጓደኛዬ ደግሞ ለገሃርን፣ ፊት ለፊቱ ካለው ከይሁዳ አንበሳ ሐውልት ጋር፣ መረጠ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ የደረሰው መስመር ነው። የቡራዩው መሐለኛ ሆነና ጣውላውን ባዶ ትቶ ጠበቀን።

አንድ ቅዳሜ ሁለቱ ዕቃቸውን ተሸክመው ሰበታ መጡ። ጣውላዎቹን ገጠምን፤ ሐዲዱ ግን እምቢ አለ። የጥንቱ ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነው፤ የአዲሱ 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር። ለ160 ሲካፈል የእሱ 6 ሚሊ ሜትርን ጥቂት ያልፋል፣ የእኔ 9 ይሞላል። «አፍርሰህ እንደ እኔ ሥራ» አልኩት። «ለምን አንተ አታፈርስም?» አለኝ። ድምፃችን ከፍ አለ።

አያቴ ከአልጋቸው ተነሥተው መጡ። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና በአውራ ጣታቸው ሁለቱን ሐዲዶች ለኩ።

«አይገጥምም» አሉ። «እውነተኛውስ መች ይገጥማል?»

«ታዲያ ምን ይሻላል አባባ?»

«ምን ታጣላላችሁ! መሐሉ ላይ ጣቢያ ሥሩለት። አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ በኩል ይቁም። ሰው ከዚህ ይወርዳል፣ ሁለት እርምጃ ይራመዳል፣ ከዚያኛው ይሳፈራል። ባቡር ባይገናኝ ሰው ይገናኛል።»

የቡራዩው ልጅ ያን ዕለት ማታውኑ መሥራት ጀመረ። አያቴም ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ የጣቢያው ጥላ ወዴት እንደሚዞር፣ ሻጮቹ የት እንደሚደረደሩ፣ ሐዲድ በበጋ ሙቀት እንዴት እንደሚለጠጥ እየነገሩን መሸ። እኔ ግን እጄ ሥራ ላይ አልነበረም፤ ደብተር አውጥቼ እጽፍ ነበር። ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም። እሳቸውም አልጠበቁም መሰለኝ፤ ብቻ ሲተኙ፣ «ነገ ስለ ድልድዩ እነግርሃለሁ» አሉኝ።

ጣውላዬ አሁን ከአልጋዬ ሥር ነው። በጣቢያው ላይ፣ በጥንቱ ሐዲድ በኩል፣ ከሽቦ የሠራኋት አንዲት ሰው አለች፤ ጎንበስ ብላ መዶሻ ይዛለች። ቁመቷ አንድ ሳንቲሜትር አይሞላም። አያቴ አይተዋት፣ «መዶሻው ትንሽ በዝቷል» አሉ፤ ሳቁም።