ተራራው በሚታይበት አገር፦ ኪንግ ካውንቲን ማወቅና ቤተሰብን ማዘጋጀት

ሲያትልና አካባቢዋ የሚኖሩ ሰዎች ደመናው ተገፎ ሰማዩ ሲጠራ «ዛሬ ተራራው ወጥቷል» ይላሉ። ተራራው ሬኒየር ነው። 4,392 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ክረምት ከበጋ በረዶ የሚለብስ፣ ከራስ ዳሸን ጥቂት ብቻ የሚያንስ ግዙፍ ተራራ ነው። በጎረቤት ፒርስ ካውንቲ ቢሆንም ከኬንት መጋዘኖች፣ ከሲታክ አውሮፕላን ማረፊያና ከሬኒየር ሸለቆ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ብዙዎቻችን ፎቶ እያነሳን ለዘመድ የምንልከው ይህ ተራራ ያልሞተ እሳተ ገሞራ መሆኑን ግን ሁሉም አያውቅም።

ኪንግ ካውንቲ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብና 39 ከተሞች አሉት። ስሙ የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ነው። በሲያትል፣ በተክዊላ፣ በሲታክ፣ በሬንተንና በኬንት አማርኛ መስማት አዲስ ነገር አይደለም። ባሕሩን፣ ሐይቆቹን፣ ኮረብታዎቹንና ሸለቆዎቹን የፈጠሩት ኃይሎች አደጋም ያመጣሉ። ይሁን እንጂ አደጋው ለሁሉም ሰፈር አንድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚኖርበትን፣ የሚሠራበትንና ልጆቹ የሚማሩበትን ቦታ ለይቶ ማወቅ አለበት።

ከእግራችን በታች

እ.ኤ.አ. የካቲት 28 ቀን 2001 ረፋድ ላይ መጠኑ 6.8 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ አካባቢውን መታ። መነሻው ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ስለነበር ጉዳቱ ከሚፈራው ቀለለ። እንዲያም ሆኖ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቆሰሉ፤ በአሮጌው የፓዮኒር ስኩዌር ሰፈር ጡቦች መንገድ ላይ ረገፉ፤ በባሕሩ ዳርቻ የነበረው ባለ ሁለት ፎቅ አውራ ጎዳና ተጎዳ። ያ መንገድ በኋላ፣ በ2019፣ ፈርሶ በዋሻ መንገድ ተተክቷል።

ባለሙያዎችን ይበልጥ የሚያሳስቧቸው ሌሎች ሁለት ናቸው። አንደኛው በራሷ በሲያትል ከተማ ሥር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚያልፈው ስንጥቅ ነው። ከ1,100 ዓመት ገደማ በፊት ሲንቀሳቀስ ሱናሚ አስነሥቷል፤ ዳገት ላይ የነበረ ደንም ተንሸራቶ ዋሽንግተን ሐይቅ ውስጥ ገብቷል። ዛፎቹ ዛሬም ከውሃው በታች ቆመው ይገኛሉ። ሁለተኛው በውቅያኖሱ ወለል 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋው የካስኬዲያ መስመር ነው። ለመጨረሻ ጊዜ በኃይል የተንቀሳቀሰው እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 1700 ሲሆን፣ ማዕበሉ ጃፓን ድረስ ደርሶ በዚያ አገር መዝገብ ተጽፏል። ቀኑ ሊታወቅ የቻለውም ከዚያ መዝገብ ነው።

በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ የነበረው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ ብዙ ሰው ከፎቅ ወደ ውጭ ሮጧል። እዚህ የሚሰጠው ምክር ከዚህ ይለያል። መሬቱ እየተንቀጠቀጠ ሳለ ወደ በር መሮጥ ጡብና መስታወት ወደሚወርድበት መሮጥ ነው። በሲያትል ብቻ ከ1,100 በላይ ያልተጠናከሩ አሮጌ የጡብ ሕንፃዎች አሉ። ስለዚህ ዝቅ ይበሉ፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ይግቡ፤ እስኪቆም ድረስ እግሩን ይያዙ። አልጋ ላይ ከሆኑ እዚያው ሆነው ራስዎን በትራስ ይከልሉ። ቁም ሳጥንንና ቴሌቪዥንን ከግድግዳ ጋር ማሰር ደግሞ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

ከተራራው የሚወርደው

ከ5,600 ዓመት ገደማ በፊት የሬኒየር አናት ተንዶ ጭቃ፣ ድንጋይና ውሃ የተቀላቀለበት ጎርፍ ወረደ። ዛሬ ኢነምክሎና ኦበርን የተመሠረቱበትን ሜዳ የሸፈነው እሱ ነው። እንዲህ ያለው የጭቃ ጎርፍ ላሃር ይባላል። በተደጋጋሚ የሚመጣ አይደለም፤ ዋናው ሥጋትም በፒርስ ካውንቲ ሸለቆዎች ነው። ሆኖም ሸለቆ ውስጥ የሚሠራ ሰው በየትኛው መንገድ ወደ ከፍታ እንደሚወጣ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

የውሃ ጎርፍ ግን በየክረምቱ የሚጠበቅ ነው። በኦበርን፣ በኬንትና በተክዊላ የሚያልፈውን ግሪን ወንዝ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሃዋርድ ሃንሰን ግድብ ይቆጣጠረዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2009 ከነበረው ከባድ ዝናብ በኋላ በግድቡ ዳር የውሃ ስርገት በመታየቱ፣ በወንዙ ዳርቻ ግዙፍ የአሸዋ ከረጢቶች ተደርድረው ነበር። ግድቡ ተጠግኗል፤ ሜዳው ግን ያው ሜዳ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ያለው የስኖኳልሚ ሸለቆም በተደጋጋሚ ስለሚጥለቀለቅ በዱቫልና በካርኔሽን አካባቢ መንገዶች ይዘጋሉ። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል። ሊፍትም ይንዱ ኡበር፣ ውሃ የሸፈነውን መንገድ ተመልሰው ይዙሩ።

ሙቀት፣ ጭስና ነፋስ

እ.ኤ.አ. ሰኔ 28 ቀን 2021 በሲታክ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተመዘገበ። በዚያ ሳምንት በዋሽንግተን ግዛት ከመቶ በላይ ሰዎች በሙቀት ሞተዋል። ብዙ የዚህ አካባቢ ቤቶች ማቀዝቀዣ የላቸውም፤ ይበልጥ የሚጎዱትም ብቻቸውን የሚውሉ አረጋውያን ናቸው። በ2022 መኸር ደግሞ ከስካይኮሚሽ አካባቢና ከሌሎች ቦታዎች የተነሣው የሰደድ እሳት ጭስ የሲያትልን አየር ለቀናት በክሎታል። አስም ያለበት ልጅ ላለው ቤት የአየር ማጣሪያና ጥሩ ጭምብል የቅንጦት ዕቃ አይደሉም።

ከሰል ወደ ቤት አይግባ

ከሁሉም በላይ እኛን የሚመለከተው የሚከተለው ነው። በታኅሣሥ 2006 የነፋስ ማዕበል ዛፎችን ገንድሶ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቤቶችንና ድርጅቶችን መብራት አሳጣ። አንዳንዱ ሰፈር ከሳምንት በላይ በጨለማና በብርድ ቆየ። ከዚያ በኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በካርቦን ሞኖክሳይድ ተመረዙ፤ የሞቱም ነበሩ። ከተጎዱት ብዙዎቹ ለማብሰልና ለመሞቅ ቤት ውስጥ ከሰል ያቀጣጠሉ ስደተኛ ቤተሰቦች ነበሩ። ሲያትል ታይምስ ጋዜጣ ማስጠንቀቂያውን በፊት ገጹ ላይ በበርካታ ቋንቋዎች አትሞ ነበር።

ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። ቡናችንን በከሰል አፍልተን፣ በማንደጃ ዙሪያ ተሰብስበን ያደግን ሰዎች ነን። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚታወሰን ከሰል ቢሆን አይገርምም። ነገር ግን እዚህ አገር ቤቱ ሙቀት እንዳያመልጥ ተብሎ ተደፍኖ የተሠራ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ስለሚያመጣ ጉንፋን ይመስላል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። መስኮት መክፈት በቂ አይደለም። ከሰል፣ ግሪልና የካምፕ ጋዝ ምድጃ ከቤትም ከጋራዥም ውጭ ብቻ ይነዳሉ፤ በረንዳም ከውጭ አይቆጠርም። ጀነሬተር ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። ቤትዎ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ እንዳለውና ባትሪው እንደሚሠራ ዛሬውኑ ይመልከቱ። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች አብረው ራሳቸውን ካመማቸው ሁሉም ወደ ውጭ ወጥተው 911 ይደውሉ።

ስንቅ

ዋሽንግተን ግዛት ነዋሪዎቹ ለሁለት ሳምንት ራሳቸውን እንዲችሉ ይመክራል፤ በትልቅ መንቀጥቀጥ ድልድዮች ከተጎዱ እርዳታ ሊዘገይ ይችላልና። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል ውሃ ይታሰባል። ይህ ለአምስት ሰው ቤተሰብ በሁለት ሳምንት 280 ሊትር ነው። ቁጥሩ ካስደነገጠዎ በሦስት ቀን ይጀምሩ፤ 60 ሊትር ይበቃል፤ ከዚያ በየወሩ ጥቂት ይጨምሩ።

ምግቡን በተመለከተ አያቶቻችን መልሱን ቀድመው አግኝተውታል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ለመንገደኛ የተሠሩ ናቸው፤ እሳት አይፈልጉም፤ ለጾምም ይሆናሉ። ከነሱ ጋር የእጅ ባትሪ፣ በባትሪ የሚሠራ ራዲዮ፣ የሚዋጥ መድኃኒት፣ የሕፃን ወተት፣ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ፣ የፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ቅጂ ይቀመጡ። ከአልጋ አጠገብ ጫማ ማኖርም አይዘንጋ፤ ከመንቀጥቀጥ በኋላ ወለሉ መስታወት ሊሆን ይችላል።

የቤተሰብ ስምምነት

በብዙ ቤታችን አባት የሌሊት ፈረቃ ነው፤ እናት በቀን ትሠራለች፤ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው፤ ከአገር ቤት የመጡ እማማ ወይም አባባ እንግሊዝኛ ሳያውቁ ቤት ብቻቸውን ይውላሉ። ስለዚህ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማን እንዲወስድ ተፈቅዶለታል? እማማን ቶሎ የሚያያቸው የትኛው ጎረቤት ነው? የአካባቢው ስልክ ሲጨናነቅ ሁሉም «ደህና ነኝ» የሚል አጭር መልእክት የሚልክለት አንድ ዘመድ በሌላ ግዛት ምረጡ፤ የዲሲ አክስት ወይም የዳላስ አጎት ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ለሁሉም ስጡ።

ካውንቲው በስልክ ለሚልከው የአደጋ ማስጠንቀቂያ ተመዝገቡ። 911 አስተርጓሚ ስላለው «አማርኛ» ማለትን ለወላጆቻችሁ አስተምሯቸው፤ አድራሻቸውንም በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ስልኩ አጠገብ ለጥፉላቸው። ቤት ከገዛችሁ ደግሞ የተለመደው የቤት መድን የመሬት መንቀጥቀጥንና ጎርፍን እንደማይሸፍን እወቁ። የፌዴራሉ የጎርፍ መድን ከተገዛ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ላይ የሚውለው ከ30 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ወንዙ ከሞላ በኋላ መግዛት አይጠቅምም።

ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሻላል። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን መጨረስ ባይቻልም፣ በዚህ እሑድ ቡና ላይ ሁለት ነገር ጨርሱ፤ የሌላ ግዛቱን ዘመድ ምረጡና የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚውን ቁልፍ ተጫኑ። ድምፅ ካልሰጠ ሰኞ አዲስ ይገዛ።