ሻኛ ያለው በሬ

ወልድያን ለቀን ቁልቁለቱን እንደጨረስን መሬቱ ድንገት ተዘረጋ። ጎብዬ፣ ሮቢት፣ ከዚያ ቆቦ፤ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማሽላ! በግራም በቀኝም ከሰው ቁመት በላይ የቆመ፣ ፍሬው ከብዶት አንገቱን የደፋ የጥቅምት ማሽላ። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ የላስታ ደጋ፣ መሀሉ ሁሉ ሜዳ። ከአዲስ አበባ ፎቅና አጥር የመጣ ዓይኔ ማረፊያ አጣ። ከመኪና ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን አቀፈኝ፤ ሹራቤን አውልቄ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ፤ እስክመለስም አልነካሁትም።

የመጣሁት ለባለቤቴ እህት ልጅ ልደት ነው። 4 ዓመት ሊሞላት ነው፤ የጠየቀችኝም አንድ ነገር ብቻ፦ በሬ ያለበት ኬክ። ኬክ ማስዋብ እንጀራዬ ነውና ማርሽሜሎና ዱቄት ስኳር በካርቶን ይዤ ነበር። ምስሉ የሚቀረጽበትን የስኳር ሊጥ፣ ፎንዳንትን፣ ከሱቅ አልገዛም። 450 ግራም ማርሽሜሎ ከ2 ማንኪያ ውኃ ጋር በእንፋሎት ይቀልጣል፤ 900 ግራም ያህል ዱቄት ስኳር እየተነፋ ይገባበታል፤ እጅ ቅቤ ተቀብቶ እንደ ሊጥ ይታሻል። ክር እየሳበ ጣት ላይ ሲጣበቅ ቆይቶ በአንድ ቅጽበት ልስልስ ብሎ ይሰበሰባል። ያቺ ቅጽበት ከስንት ዓመት በኋላ ዛሬም ደስ ታሰኘኛለች። ከዚያ በላስቲክ ተጠቅልሎ ያድራል።

በማግስቱ በረንዳው ላይ ተቀምጬ፣ ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ እያየሁ በሬዬን አቆምኩት። ነጭና ጥቁር፣ ድብልብል ያለ። አንድ የጎረቤት ልጅ፣ ዘጠኝ ወይ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ ጥንቅሹን እያኘከ ሲያየኝ ቆየና፣

«እታለም፣ ሻኛውስ?» አለኝ።

ፎቶውን ደግሜ አየሁት። እውነትም የለውም! የፈረንጅ ከብት ነው፤ ጀርባው ሜዳ። ለስንት የአዲስ አበባ ልጅ ልደት የሰው አገር በሬ ስሠራ ኖሬያለሁ!

«ነይ ላሳይሽ» ብሎ ተነሣ።

ከቤቱ ጀርባ፣ ጎርፍ ደለሉን ጥሎ በሄደበት፣ የልጆቹ በረት አለ። ከስንዝር በማይበልጥ የድንጋይ አጥር ውስጥ የጭቃ ከብት ሞልቷል፤ በሬ፣ ላም፣ ጥጃ፣ ሁለት ግመል! ቁጢጥ አልኩ። ቀንዶቹ! የራያ ሰንጋ በረጅም ቀንዱ የታወቀ ነው፤ እዚህም ቀንዱ እንደ ደጋን ታጥፎ ወደ ሰማይ ይወጣል። አንዱ በሬ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ መልሶ ጎኑን ሊልስ ነው። ይህን ፎቶ አያስተምርም፤ ቀኑን ሙሉ ከከብት ኋላ የዋለ ልጅ ያውቀዋል እንጂ። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ የቤተ እስራኤል ሴቶች የጀመሩትን የሸክላ ምስል አይቻለሁ፤ ያ ለገበያ በእሳት ይተኮሳል። የቆቦዎቹ አይተኮሱም። ዝናብ ሲመጣ ተመልሰው ጭቃ ይሆናሉ፤ ልጆቹም እንደገና ያረቧቸዋል።

እኔ ከጭንቅላት ነው የምጀምረው። ልጁ ከሻኛ ጀመረ! ጭቃውን በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ሻኛውን ሲያወጣ፣ አንገቱም ጀርባውም በዚያው ቦታ ቦታቸውን ያዙ። እግሮቹ ውስጥ የማሽላ አገዳ ስንጥር ሰካ፤ ልክ እኔ ስቴኪኒ እንደምሰካው። ሲጨርስ ጥላ ውስጥ አስቀመጠው፤ ፀሐይ ከነካው ይሰነጠቃላ።

ልጁን ይዤ ወደ በረንዳው ተመለስኩና ፎንዳንት ቆንጥሬ ሰጠሁት። እጁን ውኃ ሊነክር ሲል ቶሎ ያዝኩት። ጭቃ ውኃ ይወዳል፤ ስኳር ግን ይሟሟል፤ ቀንድ ለማጣበቅ አንዲት ጠብታ ትበቃለች፤ ለእጅ ቅቤ ነው። በቆቦ ደረቅ አየር ደግሞ ፎንዳንቱ ቶሎ ቆዳ ያወጣል፤ የማይሠራበትን በላስቲክ መሸፈን ነው። አንዴ ነግሬው ሁለተኛ አላስፈለገውም።

አማቴ ቡናቸውን እየቆሉ ከምን እንደተሠራ ጠየቁኝ። ማርሽሜሎን የሚያቆመው ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ እንደሚወጣ፣ የአሳማ ከሆነ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ስለማይነካው ከከብት የተሠራውን መርጬ እንዳመጣሁ ነገርኳቸው።

«እንግዲያማ በሬውን ከበሬ ሠራችሁታ!» አሉ።

ይህን ሁሉ ዓመት ስሠራው እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር። ከበሬ ቆዳ የወጣው ነገር ከልጁ ጣቶች መሀል ሻኛ አውጥቶ፣ ቀንድ አብቅሎ፣ እንደገና በሬ ሆኖ ሲቆም ዓይኔ እያየ ነው!

ማታ ኬኩ ላይ ሁለት በሬዎች ተጠምደው ቆሙ። ባለልደቷ እንዳይቆረሱ ከለከለች። ልጁ የተረፈች የቀንድ ቁራጭ አነሣ፣ አፉ ውስጥ ጣላት፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ።

«ጥንቅሽ» አለ።