ሮምን በባቱ መንገድ

ሮም ሦስት ወር ልቀመጥ ብሎ የተነሳ የአዳማ ሰው መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ነው። ኤምባሲውም፣ አየር መንገዱም፣ የቪዛ ወረፋውም እዚያ ነው። እኔ ግን ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያ ገብቼ የባቱ ሚኒባስ ያዝኩ። አክስቴ ሮም ውስጥ አረጋውያን ስትንከባከብ ኖራ፣ ጡረታዋን ይዛ ተመልሳ ባቱ ከትማለች። "ከኢንተርኔት የምትለቅመውን ተወውና መጀመሪያ እኔን ስማ" ብላኛለች በስልክ።

ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጥፈን ትንሽ እንደሄድን የቆቃ ውሃ በግራ በኩል ታየ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ስልኩ ላይ ነው። ማንም ዞር ብሎ አላየውም፤ እኔም ሌላ ጊዜ አላየውም ነበር። ግድቡ የተሠራው ግን ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የፓሪሱ የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትክስ ወሰነ፤ ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ ከካሳው በተገኘው ቆቃ ተገነባና እ.ኤ.አ. በ1960 ተመረቀ። አዋሽ ከዚያ ወዲህ ነው ክረምት ከበጋ ልጓም የገባለት፤ የወንጂ ሸንኮራም የሚጠጣው ከዚሁ ወንዝ ነው። ሮምን ለማየት ወረቀት እየሰበሰብኩ የሮምን ዕዳ በመስኮት ማየቴ ትንሽ አሳቀኝ።

መቂ ላይ እንደተለመደው ቲማቲምና ሽንኩርት በመስኮት ተሽቀዳድሞ ገባ። አንድ ሳፋ ቲማቲም ገዛሁ፤ ባዶ እጅ አይገባም።

አክስቴ ቡናውን ያፈላችው ከሮም ባመጣቻት የአሉሚኒየም ማፍያ ነው። ከአንገቷ ላይ እንፋሎት ያመልጣል፣ ቡናውም በጎኗ ይንጠባጠባል። አክስቴ በጨርቅ ጠርጋ እንደገና እሳቱ ላይ መለሰቻትና "በል አሁን ዕቅድህን አምጣ" አለችኝ።

አወጣሁት። ኮሎሲየም፣ ቫቲካን፣ ፓንቴዎን፣ ፍሎረንስ፣ ቬኒስ... ግማሹን ሳታነብ መለሰችልኝ።

"ይሄ የአምስት ቀን ሰው ዕቅድ ነው። አንተ ልትኖር አይደል የምትሄደው? መጀመሪያ የት እንደምታድር ንገረኝ።"

ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ አልኳት፤ የሐበሻ ምግብ ቤቱም ሱቁም እዚያ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እሷ ደግሞ እንጀራውን እዚያ ብላ፣ ግን ራቅ ብለህ እደር ባይ ናት። ብዙ ገዳማት ለእንግዳ ክፍል ያከራያሉ፤ ንጹሕ ነው፣ ከሆቴልም ይረክሳል፣ በሩ ግን ማታ በሰዓቱ ይዘጋል። "አንተ ደግሞ ማታ የት ትሄዳለህ?" አለች። በርበሬ ካለቀብህ ኤስኲሊኖ ገበያ፤ ለአውቶቡስና ለሜትሮ የወር ትኬት፤ ሙዚየም ደግሞ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ፣ የመንግሥት የሆኑት በነጻ ስለሚከፈቱ። ሦስት ወር የሚቀመጥ ሰው ሦስት እንዲህ ያሉ እሑዶች አሉት። ይህን የመሰለ ምክር ኢንተርኔት ላይም አይጠፋ ይሆናል፤ ከአክስቴ አፍ ሲወጣ ግን ይታመናል።

የቴርሚኒን ነገር ካነሳን፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ "የአምስት መቶዎቹ አደባባይ" ነው የሚባለው። አምስት መቶ የተባሉት እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። በባቡር ሮም የሚገባ ኢትዮጵያዊ መጀመሪያ የሚረግጠው የአሉላን ድል ነው ማለት ነው። አክስቴ ስንት ዓመት እዚያ አውቶቡስ ስትጠብቅ ይህን የነገራት ሰው አልነበረም።

እኔም ከዝርዝሬ ላይ ቬኒስን ሰርዤ የእኛን ቦታዎች ጻፍኩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ አገሩ የተመለሰው የአክሱም ሐውልት ከእ.ኤ.አ. 1937 ጀምሮ ቆሞ የኖረበት፣ ከዛሬው የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ሕንፃ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ ቫቲካን ግቢ ውስጥ ያለው የሐበሾቹ ቅዱስ እስጢፋኖስ፤ እዚያ በፈቃድ እንጂ ዘው ተብሎ አይገባም። የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 ያሳተሙት ሮም ነው። አባ ጎርጎርዮስም ከጀርመናዊው ምሁር ሉዶልፍ ጋር እ.ኤ.አ. በ1649 የተገናኙት እዚያው ሲሆን፣ ከዚያ ትውውቅ የአውሮፓ የግዕዝና የአማርኛ ጥናት ወጣ። እነዚህን አባቶች የዘጠና ቀን ቪዛ ያስጨነቃቸው አይመስለኝም።

እኔን ያስጨንቀኛል። የሸንገን ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አያስቀምጥም። ከዚያ ለሚበልጥ የአገሪቱን የራሷን የረጅም ጊዜ ቪዛ መጠየቅ፣ ከገቡም በኋላ በስምንት የሥራ ቀናት ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት ይጠይቃል። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን ላይ ያጠበቀው ደንብ ደግሞ የ15 ቀኑን መልስ 45 ቀን አድርጎታል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም አስቀርቷል። ክፍያው 90 ዩሮ፣ የጤና ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን። ስለዚህ እቅዱ የሚሠራው ከኋላ ወደ ፊት ነው፦ የመግቢያ ቀን፣ ከዚያ 45 ቀን ወደ ኋላ፣ ከዚያ ለቀጠሮ የሚሆን ትርፍ ወር። የልደት ወረቀቴ ናዝሬት ይላል፣ ፓስፖርቴ ያንኑ ከተማ አዳማ፤ ለዚያም አንድ ማብራሪያ ደብዳቤ ያስፈልጋል።

ወሩን የመረጠችው አክስቴ ናት። ነሐሴ አይሆንም፤ ሙቀቱ ከአዳማም ይብሳል፣ ሮማውያን ራሳቸው ባሕር ዳርቻ ሄደው ሱቁ ይዘጋል። ጥቅምት ደስ ይላል፤ ኅዳር ግን ዝናብ ስለሆነ ጫማህ ውሃ የማያስገባ ይሁን አለች። መስከረም መጨረሻ ገብቼ ታኅሣሥ ሳይጋመስ ልወጣ ተስማማን።

ምሳ የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ በላን። ስነሳ ከማፍያዋ ውስጥ ያለቀችውን የጎማ ቀለበት አውጥታ በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝ። "የስድስት ሲኒ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ይሄን አሳያቸው፣ በቃል እንዳትነግራቸው። ሦስት ግዛ።"