ወንዝ የሌለበት አገር

ከፊጂ የተነሣው አውሮፕላን ዝቅ ማለት ሲጀምር በመስኮቱ ያየሁት መሬት ሳይሆን ሰማያዊ ውሃ ላይ የተጣለ ነጭ መቀነት ነው። ታራዋ፣ የኪሪባቲ መዲና። በአንድ ወገን ውቅያኖሱ፣ በሌላው ወገን በኮራል የተከበበው ጸጥተኛ ባሕር፣ መሐል ላይ አንድ መንገድ። ተራራ የለም። ወንዝ የለም። እንጦጦን እያየ ላደገ ሰው ያስደነግጣል።

በመንገዱ ዳር ሴቶች ከበረዶ ሣጥን እያወጡ ዓሣ ይሸጣሉ፤ ኪሎውን በ4 የአውስትራሊያ ዶላር ገዛሁ፤ መገበያያቸው እሱው ነው። በመርከብ የመጣው ጥቅል ጎመን ግን ከዓሣው ይወደዳል፤ ጉድ ነው! የደረቀ ኮኮነት ሽታ ልብስ ላይ ይቀራል።

እኔን ያፈዘዘኝ ግን አንድ የአንደኛ ደረጃ ክፍል ነው። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። መምህርቷ ከአንገቱ በተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ጨው በጠበጠች፤ ከዚያ በሻይ ያቀላችውን የዝናብ ውሃ በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ እያደረገች አንጠባጠበችበት። ቀዩ ውሃ ከላይ ቀረ። አልሰመጠም! አንዲት ልጅ በስትሮ ከላይ ቀመሰች፤ ሻይ ነው። ስትሮውን ወደ ታች ስትገፋው ፊቷ ተጨማደደ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

የሚጠጡት ውሃ ነገርም ይኸው ነው። ዝናቡ በኮራሉ አሸዋ ሰርጎ ከሥር ካለው የባሕር ውሃ በላይ ይንሳፈፋል፤ የባሕሩ 2.5 በመቶ ያህል ይከብዳልና። አብዝቶ የሳበ ሰው ጨዉን ይጠራል።

ቀናሁ፤ ምን እደብቃለሁ። እኛ ሁለተኛ ደረጃ ሳለን ሙከራ ያየነው በፕላዝማ ነው፤ መብራት ሲሄድ ሳይንሱም አብሮ ይሄድ ነበር።

ኪሪባቲ ግን ለመምህር የሚመች አገር አይደለም። 33 ደሴቶች ናቸው፤ ከታራዋ እስከ ኪሪቲማቲ ከ3 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ዱባይ ይቀርባል። የላቦራቶሪ ዕቃ የሚጠብቅ መርከብ ሲጠብቅ ይኖራል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በአውስትራሊያ ድጋፍ ሥርዓተ ትምህርቱ ተሻሽሏል፣ መምህራን ሠልጥነዋል፤ ልጆቹም የሚጀምሩት በገዛ ቋንቋቸው ነው። ለእኔ ግን ዋናው መሻሻል ያቺ ፕላስቲክ ናት።

ይህን የምታነቡ መምህራን፣ ሰኞ ጠዋት ሞክሩት። ጨው፣ ሻይ፣ ማንኪያ ይበቃል። ሻዩ ብቻ ይቀዝቀዝ፤ ትኩስ ከሆነ በሙቀቱ ነው የተንሳፈፈው ብለው ተማሪዎቻችሁ ይረቷችኋል።