ያለፉት ልጆች ውጤታቸው ምን ሆነ?

ዛሬ ስለ ምርጫም ሆነ ስለ ፓርቲ አልጽፍም፤ የምጽፈው ስለ ጎመን ነው። ጎመን ከፖለቲካ የራቀ ነገር የሚመስለው ሰው ካለ እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

የምኖረው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ነው። ከቤቴ ቁልቁል ሲወርዱ ትንሹ አቃቂ ይገኛል። ይህ ወንዝ የከተማዋን ምዕራባዊ ክፍል አቋርጦ፣ በመካኒሳና በላፍቶ አድርጎ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፤ ከዚያም ውሃው ወደ አዋሽ ይሄዳል። በመንገዱ ላይ የፋብሪካ ፍሳሽ፣ የሽንት ቤት ፍሳሽና የጋራዥ ዘይት ይጨመርበታል። በዳርቻው ደግሞ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎች ኖረዋል። ውሃውን በሞተር ስበው ማሳቸውን ያጠጣሉ፤ ምርታቸው ሌሊት ተለቅሞ ጠዋት ገበያ ይደርሳል፤ እኛም ገዝተን እንበላለን።

በዩኒቨርሲቲ የአካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በየካቲት ወር፣ አንዲት የማስተርስ ተማሪዬን ይዤ ናሙና ለመውሰድ ወደ ወንዙ ወረድሁ። በአሲድ የታጠቡ ጠርሙሶቻችንን፣ የአፈር መያዣ ከረጢቶቻችንንና መዝገባችንን ይዘናል። ማሳዋን ያስፈቀድናቸው ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው እናት መሬታቸውን እየኮተኮቱ ነበር። ተማሪዬ ከቅጠሉም፣ ከአፈሩም፣ ከውሃውም ስትወስድ ዝም ብለው ተመለከቱን። በመጨረሻ ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ አምናም ልጆች መጥተው እንዲሁ በጠርሙስ ቀድተው ሄደዋል። ካቻምናም እንደዚሁ። ያለፉት ልጆች ውጤታቸው ምን ሆነ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። «ጥናቱ ገና አልተጠናቀቀም» የምትል፣ ሁላችንም በኪሳችን ይዘናት የምንዞር ዓረፍተ ነገር አወጣሁ። እርሳቸውም አላስጨነቁኝም። ስንሄድ አንድ እስር ጎመን ቆርጠው፣ «ለልጆችህ» ብለው ሰጡኝ። አመስግኜ ተቀበልሁ። መኪናዬ ጋ ደርሼ፣ የመጀመሪያውን መታጠፊያ እንዳለፍሁ፣ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣልሁት።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን የምናዘዘው እንድታዝንልኝ አይደለም። ነገሩን ልብ እንድትለው ነው። እኒያ እናት ለልጅ ልጆቻቸው የሚያበሉትን ጎመን እኔ ለልጆቼ ላለማብላት ወስኛለሁ። የወሰንሁበትን ምክንያት ግን አልነገርኋቸውም። የዶክትሬት ዲግሪዬ የሰጠኝ ጥቅም በዚያች ቀን ይኸው ብቻ ነበር፤ የራሴን ቤት ማትረፍ።

ምክንያቱ ምስጢር አልነበረም። ቆዳ ለማልፋት በአብዛኛው የክሮሚየም ጨው ጥቅም ላይ ይውላል። ፍሳሹ ሳይጣራ ወንዝ ሲገባ ክሮሚየሙ ከደለሉ ጋር ይተኛል፤ በመስኖ ወደ ማሳው ይወጣል፤ ከአፈሩም ወደ ተክሉ ይዘልቃል። ከሌሎች ኢንዱስትሪዎችና ከከተማው ፍሳሽ ደግሞ ካድሚየምና እርሳስ ሊታከሉበት ይችላሉ። ቅጠላ ቅጠል ከሌላው አትክልት ይልቅ እነዚህን ብረቶች የማከማቸት ጠባይ አለው። በቅጠሉ ላይ ያለ አፈር በውሃ ይታጠባል፤ በቅጠሉ ውስጥ የገባ ብረት ግን አይታጠብም። ፍስሐ ኢታና በአዲስ አበባ በሚለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ስላሉት ብረቶችና ስለሚያስከትሉት የጤና ሥጋት ያጠኑትን በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ላይ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ከዚያ ወዲህ ከሃያ ዓመት በላይ አልፏል። በነዚህ ዓመታት ተማሪዎቻችን ደጋግመው ለክተዋል፤ ደጋግመውም ተመርቀዋል።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ውጤቷን ይዛ ስትመጣ ከአንድ ፋብሪካ የፍሳሽ ቱቦ በላይና በታች የተወሰዱት ናሙናዎች ልዩነት ግልጽ ነበር። በማጠቃለያዋ ላይ የፋብሪካውን ስም ጻፈች። እኔም በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ «ፋብሪካ ሀ» አልሁት።

«ዶክተር፣ የጻፍሁት ስሕተት ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ስሕተት አይደለም» አልኋት። «ግን አንቺም እኔም እዚሁ አገር ነን የምንኖረው።»

ማንም አላዘዘኝም። ከማንም ቢሮ ስልክ አልተደወለልኝም። አስፈራራኝ የምለው ሰው የለም። ባለፉት መንግሥታት ዘመን ስለ ሳንሱር ብዙ ተጽፏል፤ እኔም ጽፌያለሁ። ያን ቀን የሠራው ሳንሱር ግን የራሴው እጅ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይህ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖርን የሁሉም ሰው መብት አድርጎታል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ከዚያ ይራመዳል። ማንኛውም ሰው ጉዳቱ በእኔ ላይ ደርሷል ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት በበካዩ ላይ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ቅር ከተሰኘ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። በ1990ዎቹ መጨረሻ አክሽን ፕሮፌሽናልስ አሶሲዬሽን ፎር ዘ ፒፕል የተባለው ድርጅት በዚህ አዋጅ ተመርኩዞ፣ በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት የተነሣ የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከስሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ክሱን ውድቅ አደረገው። ቢሆንም በሩን ያንኳኩት ጠበቆች ነበሩ። መረጃው በእጃችን የነበረው እኛ የት ነበርን?

ዝምታ የሚያስከፍለውን ዋጋ ጎረቤታችን ቆሼ አሳይቶናል። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የከተማዋ ቆሻሻ የተከመረበት ያ ተራራ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በፊት ቆሼ የስንቱ ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ነበረ! ስለ ጋዙ፣ ስለ ፍሳሹ፣ በዚያ ስለሚኖሩት ቤተሰቦች ተጽፎ ነበር። ጽሑፉ በመደርደሪያው ላይ ነበረ፤ ሰዎቹም በተራራው ሥር ነበሩ። ሁለቱ አልተገናኙም።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን መማር ማስተማር፣ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት የሚባሉ ሦስት ተልእኮዎች እንዳሏቸው በየመድረኩ ይነገራል። አንድ መምህር ማዕረግ ሲጠይቅ ግን ቀድሞ የሚታይለት ያሳተመው ጽሑፍ ነው። ውጤቱን ለባለማሳው ነገረ አልነገረ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ሌላ መንገድ አልነበረም እንዳንል ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ምስክር ናቸው። ዕፅዋት ተመራማሪና የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ፤ የኢትዮጵያን ዕፅዋት የመመዝገቡን ትልቅ ሥራ መርተዋል። ዕውቀታቸውን ግን መደርደሪያ ላይ አልተዉትም። ስለ ገበሬው የዘር መብት በዓለም አቀፍ መድረክ ተከራክረው እ.ኤ.አ. በ2000 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በ2015 ዓ.ም. ሲያርፉ ሁላችንም አሞገስናቸው። ማሞገስ ቀላል ነው።

«እውነቱን ብትናገር የሚጎዱት ድሆቹ ገበሬዎች ናቸው» የሚል ወዳጅ አለኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ወሬው ሲወጣ ገበያው ጎመናቸውን ይሸሻል፤ ፋብሪካው ግን ሥራውን ይቀጥላል። ይሁን እንጂ ይህ ክርክር ለማን እንደሚመች ልብ እንበል። ለገበሬዋ አዘንሁ እያልሁ፣ ስለ ራሷ ማሳ እንዳታውቅ የምወስንላት እኔ ነኝ ማለት ነው። በተመረዘ ማዕድ ፊት ባለጉዳዩን ሳይጠይቁ ዝም ማለት አዘኔታ አይባልም። ደግሞስ የስሙን መሰረዝ ያተረፈው ማንን ነው? ገበሬዋን አይደለም።

ባለፈው ጥር የተማሪዬን ውጤት በአንድ ገጽ፣ በቀላል አማርኛ ጻፍሁት። የተገኘው ምን እንደሆነ፣ የትኛው አትክልት የበለጠ እንደሚያከማች፣ አቤቱታ የት እንደሚቀርብ አሰፈርሁበት። «ፋብሪካ ሀ» የሚለውን አውጥቼ ስሙን መለስሁት። ከዚያ ወደ ወንዙ ወረድሁ። እናትየዋን እዚያው ማሳቸው ላይ አገኘኋቸው። ወረቀቱን አነበብሁላቸው። ሁለተኛ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ አነበብሁ።

ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ያን ጊዜ የሰጠሁህን ጎመን በላችሁት?» አሉኝ።

«አልበላነውም፣ እማማ» አልሁ።

«እንግዲያው ያኔ መናገር ነበረብህ።»

ሌላ ነገር አልተናገሩም። ወረቀቱን አጥፈው በመቀነታቸው ቋጠሩና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ፣ በየመሳቢያችን ያለው አንድ ገጽ ምን ያህል እንደሚሆን እኛው እናውቀዋለን። ከእንግዲህ ተማሪዎቼ ለምርቃት ከመቅረባቸው በፊት ውጤታቸውን ናሙና ለሰጣቸው ሰው እንዲያነቡ አደርጋለሁ። መመሪያ ወጥቶ አይደለም፤ አንዲት እናት የጠየቁኝን ጥያቄ ሌላ መምህር እንዲጠየቅ ስለማልፈልግ ነው።